የሰኞ ልጆች መምህር

የመምህር ስንሻውን ሞት የነገረኝ ሰው የለም። መናኸሪያ አጠገብ በምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ሆኜ፣ አንድ የቀድሞ መምህራችን ሞባይሉን ወደኔ ዘርግቶ «ይቺን በትልቁ አውጣልኝ፤ ከሥር ስም ይጻፍበት» አለኝ። ጉርድ ፎቶ ነው። ኮሌታው እስከ ላይ የተቆለፈ፣ ፎቶ አንሺውን ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ፊት።

«ምን ተብሎ ይጻፍ?» አልኩ። መልሱን ግን ከሰውየው ዓይን ቀድሜ አንብቤው ነበር።

«መምህር ስንሻው በል። ሌላውን አንተ ጨምርበት። ገጣሚ ነኝ ትል የለ?»

ለእረፍት ጎጃም እናታቸው ዘንድ ሄደው በተኙበት ልባቸው ቆመ ተባለ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያደምጧት የኖሩት ልብ እሳቸው በማያደምጧት ሰዓት ቆመች ማለት ነው። ይህንን ሳስብ እጄ ማውሱ ላይ ቀረ። ከፎቶው ሥር ስማቸውን ብቻ ጻፍኩ፤ ሌላ ቃል እምቢ አለኝ። ሰውየው ወረቀቱን ጠቅልሎ ከሄደ በኋላ ግን ቃሉ እየተንጠባጠበ ይመጣብኝ ጀመር፤ ደንበኛ እያስተናገድኩ፣ ምሳ እየበላሁ፣ መንገድ እየተሻገርኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥርቅም ነው።

መምህር ስንሻው እኔ በተማርኩበት የሶዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት መምህር ነበሩ። ቢሯቸው ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጠባብ ክፍል ነው። ሁለት ወንበር አለው፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ሆነው በመስኮቱ ወደ ዳሞት ተራራ ያያሉ። ተማሪ ሲገባ ከጎናቸው ያስቀምጡትና አብረው ተራራውን እያዩ ያወራሉ። አንዴ ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ጠይቄያቸው «ፊት ለፊት የሚቀመጡ ዳኛና ተከሳሽ ናቸው» አሉኝ።

ቀጭን ናቸው፤ በሙቀትም በብርድም ኮት ይለብሳሉ። ከሁሉ የማይረሳው ጣታቸው ነው። ኮሌታ የሚያስተካክሉ መስለው ሁለት ጣት ከመንጋጋቸው ሥር ያስገቡና ለትንሽ ጊዜ ዝም ይላሉ። የልባቸውን ምት እያዳመጡ ነው። ይህንን የማያውቅ ተማሪ አልነበረም። «ቲቸር ትርታ» እንላቸዋለን። አንድ ቀን አንዱ ባለጌ ሰሌዳው ላይ ልብ ሥሎ፣ ከጎኑ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ የሚል መስመር አሰመረ። ገቡ፤ አዩት፤ ጠመኔ አንስተው መስመሩን ትንሽ ለጠጥ አደረጉት። «ይቺ በጣም ሮጣለች። የኔዋ እንኳን እንዲህ አትቸኩልም» አሉና ወደ ሥራቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ የሣለ የለም።

እኔ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ አሁን እንደምቀመጠው አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል። ግጥሞቼን የማሳያቸው ለእሳቸው ነበር። በጥሞና ያነባሉ፤ አያሞግሱም። አንድ ጊዜ ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝና «አንተ ግጥም ውስጥ የገባ ሰው በሕይወት አይወጣም እንዴ? እስኪ ለኔ ብለህ አንዱን አሳድረው» አሉኝ። ያን ቀን ተናድጄ ወጣሁ። ዛሬም ግጥም ጨርሼ ሳነብ መጀመሪያ የምቆጥረው የሚያድሩትን ነው።

በዚያ ዓመት አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ አረቄ ጠጥቶ ራሱን ስቶ ኦቶና ሆስፒታል ገባ። ልጁ ተረፈ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ተናወጠ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቦርሳ መፈተሽ ተጀመረ። ከአንዱ ጫት፣ ከሌላው ሲጋራ ይገኛል፤ ወላጅ ይጠራል፤ ልጁ ይባረራል። መምህር ስንሻው ይህንን ቆመው ያዩና ጣታቸው ወደ መንጋጋቸው ይሄዳል። ርዕሰ መምህሩን «ቦርሳ ውስጥ የሚገኘው የሆነው ነገር ነው። እኔ የምፈልገው ገና ያልሆነውን ነው» ሲሏቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ርዕሰ መምህሩ «ያልሆነውን የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው መምህር» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ለሥልጠና ሄደው አንድ መጠይቅ ይዘው ተመለሱ። ስለ ጫትም ስለ አረቄም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ስለ ጠባይ ነው። ነገር ሲበላሽብህ ነገ ይስተካከላል ብለህ ታስባለህ ወይስ አበቃ ትላለህ? ልብህ በድንገት ሲመታ ትደነግጣለህ? ከማሰብህ በፊት ትናገራለህ? አደገኛ ነገር ያጓጓሃል? እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ሰዓቱን ሰጥተውን ከክፍሉ ጥግ ቆሙ።

ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ማለፊያው ስንት ነው?»

«የሚወድቅበት የለም።»

«ታዲያ የማይጣልበት ፈተና ምን ያደርግልናል?»

«ዳጣ ካላገኘሁ ሥጋ አልበላም፤ ይሄ ሱስ ነው?» አለ ሌላው።

«እሱ ወላይታነት ነው» አሉ መምህር ስንሻው፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጎጃሜው ቀልድ ያውቃል ለካ አልን።

ሞልተን ስንጨርስ የተናገሩት ትዝ ይለኛል። «ሱስ ሰው ቤት የሚገባው በአንድ በር አይደለም። አንዱ ጋ በተስፋ መቁረጥ ይገባል፣ አንዱ ጋ በፍርሃት፣ አንዱ ጋ በችኮላ፣ አንዱ ጋ አዲስ ነገር በመፈለግ። ወረቀቱ የሚነግረኝ በራችሁ የቱ እንደሆነ ነው። ሌባው ገብቷል አይልም። ዳሞት ላይ ቁልቁለት አለ ማለትና ወድቀሃል ማለት አንድ አይደለም።» ከዚያ ሁለት ጣታቸውን መንጋጋቸው ሥር አስገቡ፤ እንደ ፈሩ ያስታውቃል። ምን እንዳስፈራቸው ያኔ አልገባኝም።

ጠባዩ ጎልቶ የወጣበትን ልጅ ለየብቻ እየጠሩ ነገሩት። ሰው ስም እንዳያወጣላቸው ብለው አራቱን ቡድን በቀን ሰየሙ፤ የሰኞ ልጆች፣ የማክሰኞ ልጆች እያሉ። እኔ የሐሙስ ነበርኩ፤ አዲስ ነገር ፈላጊ። ከትምህርት በኋላ አሮጌው ቤተ ሙከራ ውስጥ ተሰብስበን በዚያ ጠባይ እንዴት መኖር እንደሚቻል እንነጋገራለን። ስም አለማውጣታቸው ግን አልጠቀመም። ሶዶ ውስጥ ልጅ የተባለ ሁሉ ብዙም ሳይቆይ የሐሙስ ልጅ ማለት ቀዥቃዣ፣ የሰኞ ልጅ ማለት ተስፋ የቆረጠ መሆኑን አወቀ።

ምሕረት የሰኞ ልጅ ሆነች።

ምሕረት ጎረቤቴ ናት። አባቷ አቶ ማርቆስ ወፍጮ ቤት አላቸው፤ በሰፈራችን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ናቸው። እሷ ኳየር ውስጥ ትዘምራለች፤ በኬሚስትሪ የሚደርስባት የለም። ዝምታዋን ሁሉም ጨዋነት ይለው ነበር። ከዝምታው በታች ምን እንዳለ የጠየቃት ወረቀቱ ብቻ ነው፤ እሷም ለወረቀቱ እውነቱን ነገረችው።

ደንቡ ወላጅ ይወቅ ስለሚል መምህር ስንሻው እናቷን ወይዘሮ አልማዝን አስጠሩ። ኋላ ወይዘሮ አልማዝ እንደነገሩኝ፣ መምህሩ ከጎናቸው አስቀምጠው፣ ቀስ ብለው ሁሉንም አስረዷቸው። ልጅዎ ምንም አልነካችም፤ ግን ቶሎ ተስፋ የመቁረጥ ጠባይ አላት፤ እንዲህ ያለ ልጅ ኀዘኑን ለማደንዘዝ ወደ መጠጥ ሊሄድ ይችላልና ቀድመን እንርዳት አሏቸው። በመጨረሻ ሲሸኟቸው «አደራ፣ ይህ ነገር በእናንተና በእግዚአብሔር መካከል ይቅር» አሉ።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ለመምህር ስንሻው፣ ለኦርቶዶክሱ፣ ነገርን ለእግዚአብሔር መስጠት ማለት የንስሐ አባት ጆሮ ውስጥ ሹክ ብሎ መውጣት ነው። ለወይዘሮ አልማዝ ደግሞ እህቶች ክብ ሠርተው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ድምፅ አውጥተው የሚጮኹበት ነገር ነው። ረቡዕ የሴቶች ጸሎት ነበረ። «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲባል እንባቸው ቀደማቸውና የልጃቸውን ስም ጠሩ። ከመካከላቸው ለክፋት የሰማ የለም። እያንዳንዷ ሴት ቤቷ ገብታ እንደገና ጸለየች፤ ለባሏ ነገረች፤ ባሏም ጸለየ። በማግስቱ ሌላ ሰፈር ተጸለየ። እሑድ ሲደርስ መሪው ከመድረክ «ከሱስ እስራት እንድትፈታ እህታችን ምሕረትን እናስባት» አለ። ምሕረት ኳየሩ መካከል ዩኒፎርሟን ለብሳ ቆማ ነበር።

ሰኞ በሰልፍ ላይ አንዱ «ምሕረት፣ ጨርሰሽዋል ወይስ ተርፎሻል?» አላት። ሌላው «እሷ ፈታ ያለች ናት፣ በጸሎት ነው የምትቅመው» አለ። ማክሰኞ ቀረች። የሰኞው ቡድን ባዶ ሆነ፤ የእኛም ተበተነ፤ ማንም ልጅ በዚያ ቤተ ሙከራ በር ሲገባ መታየት አልፈለገም። አቶ ማርቆስ ልጃቸውን ከከተማው ለማራቅ ወሰኑ። ቆላው ውስጥ ወዳለችው ዲምቱ፣ ወንድማቸው ዘንድ ልትሄድ ነው፤ የዓመቱ ፈተናዋም ለከርሞ ይቆይ ተባለ።

ያን ሰሞን መምህር ስንሻው ምግብ አቆሙ። የትምህርት ቤቱ መዝናኛ ክበብ ሄደው ሻይ ያዝዛሉ፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

«ለጊዜው ትሂድ ብለው ነው ቲቸር። ትመለሳለች።»

«አየህ፣ ተስፋ ለመቁረጥ ቅርብ የሆነን ሰው ከጓደኛው፣ ከትምህርቱ፣ ከዝማሬው ነጥለህ ብቻውን ብታስቀምጠው ምን ይሆናል?» ጣታቸው እንደ ልማዱ ወደ መንጋጋቸው ሄደ። «የለካሁትን ነገር ራሴ እየሠራሁት እንዳይሆን ነው የምፈራው።»

እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን መጡ። በሩ ላይ ደርሰው ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ፈቱ። አስተናጋጁ ሮጦ «ኧረ መምህር፣ እዚህ ጫማ አይወለቅም» አላቸው። «ለምዶብኝ ነው ልጄ፣ ተወኝ» ብለው በካልሲ ገቡ። ልጆች ሳቁ። የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሶዶ ያሉ የእሳቸው እምነት ሰዎች ይህንን ሰምተው ምን እንዳሏቸው አውቃለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም።

የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ተነሡ። እንደ ደንባችን አማርኛ የሚናገር ሲኖር አንድ ሰው ከጎኑ ቆሞ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ወደ ወላይትኛ ይመልሳል። የዚያን ቀን ተረኛው አስተርጓሚ የምሕረት አባት አቶ ማርቆስ ነበሩ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ፤ አንዱ በካልሲ፣ አንዱ በጥቁር ሙሉ ልብስ። አስተርጓሚ የተናጋሪውን «እኔ» ራሱ «እኔ» እያለ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ መምህር ስንሻው የተናገሩትን ሁሉ አቶ ማርቆስ በገዛ አፋቸው ተናገሩት።

«እኔ ፈሪ ሰው ነኝ» አሉ መምህር ስንሻው። አቶ ማርቆስ መለሱት።

«ልቤ ስትመታ የምሞት ይመስለኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ።» መለሱት።

«መምህር በሆንኩ ጊዜ ክፍል ከመግባቴ በፊት አረቄ እጠጣ ነበር። ልቤን ዝም ለማሰኘት።» አቶ ማርቆስ ትንሽ ቆይተው መለሱት፤ ከሴቶቹ ወገን ከንፈር ሲመጠጥ ተሰማ።

«ያኔ አንድ ሰው ቀድሞ፣ ጠባይህ ይሄ ነው፣ በዚህ በኩል ተጠንቀቅ ቢለኝ ኖሮ ያን ያህል ባልወረድኩ ነበር። ለልጆቻችሁ ያልኩት ይህንን ብቻ ነው።» ይህም ተመለሰ።

«አሁን ስሟ የሚጠራው ልጅ ሱስ የለባትም። ኖሮባትም አያውቅም።»

አቶ ማርቆስ ዝም አሉ።

ጉባኤው ጠበቀ። አማርኛ የሚሰማው ሰምቷል፤ ብዙዎቹ እናቶች ግን የአቶ ማርቆስን አፍ ነው የሚያዩት። መምህር ስንሻው ያልተሰማ መስሏቸው ዐረፍተ ነገሩን ደገሙት። የአቶ ማርቆስ አንገት ላይ ሥር ቆሞ አየሁ። ልጄ ንጹሕ ናት ብለው በዚያ ሕዝብ ፊት ለመናገር መጀመሪያ ልጄ ተጠርጥራለች ብለው መቀበል ነበረባቸው፤ እኔ እንዲህ ነው የገባኝ። ማይኩን ለመሪው አቀበሉና ወርደው ተቀመጡ። የመዝሙሩ ኪቦርድ መመታት ጀመረ።

ውጭ መምህር ስንሻው ጫማቸውን ሲያስሩ አቶ ማርቆስ መጥተው አጠገባቸው ቆሙ። «መምህር፣ ስላሰቡልን አመሰግናለሁ። ልጄ ግን ትሄዳለች» አሉ። ማክሰኞ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት መምህር ስንሻው ቤታችን መጥተው ጠሩኝ። ዲምቱ ሊሄዱ ነው። «ብቻዬን ብሄድ ሌላ ወሬ ይሆናል። አንተ ጎረቤቷ ነህ፤ መንገድም ትወዳለህ» አሉ። መንገድ እወዳለሁ፤ እሳቸው ግን የተጠቀጠቀ መኪና ውስጥ ምን እንደሚሆኑ ያን ቀን ነው ያየሁት። መስኮቱን ይከፍታሉ፤ ከፊት ያለችው ሴት አቧራ ገባ ብላ ትዘጋለች፤ ላብ ያጠምቃቸዋል። «ይሄ ያልፋል፣ ይሄ ያልፋል» ይላሉ ለራሳቸው። ወደ ቆላው ስንወርድ ሙቀቱ ሲጨምር ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ሞቱብኝ ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። «ውረድና ትንሽ አየር ውሰድ አይበሉኝ፤ ከወረድኩ መልሼ አልገባም» አሉኝ። ከጭንቀታቸው ብዛት እኔን አንቱ አሉኝ።

ዲምቱ አጎቷ ጋሽ ቶማስ በወግ ተቀበሉን። ምሕረት ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ከመምህሩ ጎን ተቀመጠች፤ ሰዓቱ እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። መምህር ስንሻውም አልተናገሩም። ተነሥተው «ቅዳሜ እመጣለሁ» ብለው መንገድ ጀመሩ። ለዚህች ዝምታ ያን ሁሉ መንገድ? አልኳቸው። «ዝምታዋን ብቻዋን አልጨረሰችውም» አሉኝ።

ሄዱ። ሌላ ቅዳሜም፣ ሌላም። አብሬያቸው ሄድኩ። ምሕረት መጀመሪያ ስለ ሙቀቱ፣ ቀጥላ ስለ ኬሚስትሪ ማውራት ጀመረች። ጋሽ ቶማስ አንድ ቀን ወደ በሩ ሲሸኙን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወንድሜ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ይደውላል» አሉን። «ሰውየው መጣ? ይለኛል። መጣ እለዋለሁ። ከዚያ ዝም ብሎ ይዘጋዋል።»

ከዚያ የማልረሳው ቅዳሜ መጣ። ምሕረት ከስታ ነበር። ሳንቀመጥ ጀመረችን።

«ቲቸር፣ ወረቀቱን ስሞላ አረቄ ቤት የት እንዳለ እንኳን አላውቅም ነበር። እዚህ ከኋላችን አንዲት ሴት አረቄ ታወጣለች። ሁለት ጊዜ በሯ ላይ ቆሜ ተመልሻለሁ። ሁሉም ጠጪ ብሎኛል፤ ታዲያ ምን ቀረብኝ ብዬ።»

መምህር ስንሻውን ፈርቼ አየኋቸው፤ የፈሩት ነገር ከፊታቸው ቆሞ እየተናገረ ነው። ይቆጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይቅርታ ይጠይቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ወደ ዛፉ እያዩ «ሁለቱንም ጊዜ ምን መለሰሽ?» አሉ።

ማንም እንዲህ ብሎ እንደማይጠይቃት አስባ ነበር መሰለኝ፤ ግራ ገባት። «መጀመሪያ ሽታው ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው...» መሬቱን በእግሯ ጫረች። «ዐርብ ነበረ። በማግስቱ ትመጡ ነበር።»

መምህር ስንሻው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ በርሽን ከኔ ወረቀት በላይ አንቺ አውቀሽዋል። ሁለት ጊዜም ዘግተሽዋል። ይህንን ያደረገች ልጅ ተስፋ የላትም የሚል ወረቀት ካለ ወረቀቱ ተሳስቷል» አሉ። ከዚያ ስለ ሳምንቱ ቀኖች አወሩ፤ በየቀኑ ማን ጋ እንደምትደውል፣ ከማን ጋር እንደምታጠና። የእኔ ስልክም ተሰጠ።

መናኸሪያ ሄደን ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጥን። መኪናው ካልሞላ አይንቀሳቀስም፤ የቀረው አንድ ወንበር ነው። ፀሐዩ ከላይ ያነድዳል። ረዳቱ «ሶዶ አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል። ምሕረት ፌስታል ይዛ መጣችና በዚያች በቀረችው ወንበር ተቀመጠች።

«ሞላ! ሳብ!» አለ ረዳቱ።

«ቆይ» አሉ መምህር ስንሻው። «ምሕረት፣ የት ነው?»

«ቤቴ። ፈተናዬን ልፈተን።»

«ጋሽ ቶማስ ያውቃሉ?»

«ነግሬያቸዋለሁ። አባትሽ ይወቅ አሉኝ።»

«ታዲያ አባትሽ ካላወቁ እኔ ይዤሽ አልሄድም። ወይ ውረጂ ወይ ደውይላቸው።»

«እምቢ ይሉኛል።»

«ይበሉሽ። ግን ይጠየቁ።»

ከኋላ አንድ ነጋዴ «እንዴ አባት፣ ልጅቷ ከወረደች እኮ እዚህ መሽቶብን ማደራችን ነው» አለ። እናት የሚሆኑ ሴት «አንቺ ደውይ፣ እኛ አለን» አሏት። ረዳቱ «ደውይ እህቴ፣ ካርድ ከሌለሽ በኔ» ብሎ ስልኩን አቀበላት። መኪናው ውስጥ ያለ ሁሉ ጉዳዩ የራሱ ሆነ። መምህር ስንሻው ላባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። አቶ ማርቆስ እምቢ ካሉ ምሕረት ትወርዳለች፤ ከወረደች ወደዚያች ሴት በር ሦስተኛ ጊዜ መሄዷ ነው ብዬ አሰብኩ፤ መምህሩም ያንኑ እንዳሰቡ አውቄያለሁ። እንደዚያም ሆኖ ከአባቷ አልሰረቋትም።

ምሕረት ደወለች። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ነው፤ የወፍጮው ጩኸት ለሁላችንም ተሰማ። በወላይትኛ «አባዬ፣ እኔ ነኝ። መኪና ውስጥ ነኝ። ልምጣ?» አለች።

ወፍጮው ጮኸ፤ ቆየ። ከዚያ አንድ ሰው ማሽኑን አጠፋውና ጸጥ አለ።

«ማን አለ ከአንቺ ጋር?»

«ቲቸር ስንሻው።»

ቀጥሎ «ሹፌሩን አገናኚኝ» አሉ።

ምሕረት ስልኩን ወደ ፊት አሳለፈች። ሹፌሩ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ፤ ከዚህ በኋላ የምንሰማው እሱን ብቻ ነው። «አቤት ጋሼ... እሺ... አውቃለሁ ጋሼ... እሺ... ኧረ እሺ።» ዘጋና ወደ ኋላ ዞረ። ከአጠገቡ ጋቢና የተቀመጠውን ሰውዬ «ወንድም፣ ይቅርታ፣ ወደ ኋላ ሂድልኝ። ልጅቷ እዚህ ትቀመጥ፣ ከኋላ ያንገጫግጫታል ብለዋል» አለው። ሞተሩን አስነሣ። «ቀስ ብለህ ንዳም ብለውኛል። እንግዲህ ካረፈድን እኔን አትጠይቁኝ።»

ነጋዴው አጉረመረመ። ከዲምቱ ወጣን። በመንገዱ ላይ ከኋላችን የመጣ መኪና ሁሉ ክላክስ እየነፋ አለፈን፤ አንድ የጭነት አይሱዙ ሳይቀር። ሹፌሩ ግን ፍጥነት አልጨመረም። ያን ቀን ሶዶ የገባነው ከሁሉም ኋላ ነው።